«ያቺ ልጅሽ» ያልሃት ጋላክሲ

ኮከብ ሲወረወር አይቶ «የማን ነፍስ ይሆን ዛሬ የሄደችው?» ብሎ በልቡ ያልጠየቀ ሰው አለ? እኔ ጠይቄያለሁ። አራት ዓመት ፊዚክስ ተምሬ፣ ያ የሚወረወረው ነገር ኮከብ ሳይሆን አየር ውስጥ ገብቶ የሚነድ ጠጠር መሆኑን ፈተና ላይ ጽፌ ነጥብ ካገኘሁበት በኋላም ጠይቄያለሁ። አንተ ግን የሄድህ በነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው። ኮከብ ወድቆልህ ቢሆንስ በዚያ ደመና ማን ያየው ነበር?

አባዬ፣ የእኔ ጌታ፤ ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ ልልህ አልችልም፤ ዝም ልበል ብል ደግሞ የምነግርህ ሞልቶብኛል። ከተለየኸን ሁለተኛው ሰሊጥ ደረሰ። የመጀመሪያውን ጎረቤት በደቦ ሰበሰበልን። የዘንድሮውን እማዬ ራሷ ቆማ አዘርታ፣ ራሷ ቆማ አሳጭዳዋለች። ሙት ዓመትህንም አውጥተናል። ያን ቀን ድንኳኑ ተነቅሎ ሰው ሁሉ ሲበተን ነው ግቢያችን ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያየሁት። አንተ በነበርህ ጊዜ ጠባብ ነበር እኮ፤ በየት በኩል እንደምትሞላው እንጃ።

ወሬ ማንጠልጠል ስለማትወድ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ። ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀበሉኝ። ትምህርቱ ሥነ ፈለክ ነው፤ ቦታው ደግሞ ተራራ ላይ እውነተኛ ትልቅ ቴሌስኮፕ ያለበት። ሁለት ዓመት ይፈጃል። ጥር ሳይገባ ደርሼ ካልተመዘገብሁ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል። ስልኩ ሲደወልልኝ ገበያ መሐል ነበርሁ፤ የማላውቃትን ቲማቲም ሻጭ አቅፌ ሳምኋት። ቤት ስደርስ ግን ደጃፉ ላይ ቆምሁ። ከእኔ ሌላ ልጅ አልተሰጣችሁም። እማዬ ብቻዋን፣ በዚህ በረሃ፣ ሁለት ዘር ሁለት አጨዳ። ያለ እሷ ምርቃት ከመተማ እንደማልወጣ አንተም ታውቃለህ፤ የተረገመ ሳይሆን ያልተመረቀ መንገድ ነው የሚያስፈራኝ። ነገርኋት። እሺም አላለች፣ እንቢም አላለች። ቀና ብላ አየችኝና «ሰሊጡ ይራገፍ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ደግሜ ስጠይቃትም ያው፤ ሰሊጡ ይራገፍ።

እስኪራገፍ ድረስ ስለ ቤቱ ልንገርህ። የተከልኸው ኒም ጣሪያውን አልፎታል፤ ከሰዓት በኋላ ዶሮውም ሰውም እሱ ሥር ነው። ከአብደራፊ ይዘኸው የመጣኸው አሮጌው የትራክተር ማረሻ ዲስክ አጥሩ ጥግ እንደቆመ ዝጓል። በሁለቱ ሳህኖቹ መካከል ዶሮ ገብታ ጫጩት ፈልፍላበታለች፤ እማዬም አላስነካ ብላለች። ሰፈሩ ሁሉ ሶላር አስገብቷል፣ ሌሊቱ ድሮ እንደምታውቀው ድቅድቅ አይደለም፤ ለልጆች ጥናት ጥሩ ሆነ፣ ለእኔ ሰማይ ግን አልተመቸም። በጓሮዋ ክፍል ጦርነት ሸሽተው ከካርቱም የመጡ ሀጃ መርየም የሚባሉ እናት ይኖራሉ። እሳቸውና እማዬ በግማሽ ዓረብኛ በግማሽ አማርኛ ሲያወጉ ብትሰማ! አንተ ከትራክተር ሾፌሮች የለቀምኸውን ዓረብኛ እማዬ አልፋሃለች፤ ሠራተኛ ሲለግም «ኸላስ! በቃ!» ስትል ይደነግጣሉ። ሀጃ መርየም ፍኖተ ሐሊብን፣ ሌሊት ሰማዩን የምታቋርጠውን ነጭ መንገድ፣ የገለባ ተሸካሚዎች መንገድ ይሏታል፤ ገለባ ጭነው ሲያልፉ ያንጠባጠቡት ነው አሉኝ። እኛ ወተት አልን፣ እነሱ ገለባ። ብትሰማ ገለባውን እንደምትመርጥ አውቃለሁ።

እማዬ ባርኔጣህን ነው የምታደርገው። ሰፍቷት ጆሮዋ ላይ ቢያርፍም፣ ማሳ ዳር ቆማ ሳሉጎቹን፣ ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱትን ሠራተኞች፣ ስታዝ ከሩቅ ላየ አንተ ነህ። አንድ ቀን ውሃ ይዤ ስመጣ እውነትም አንተን መስላኝ ቆምሁ።

እኔስ? እኔ ያው እንደምታውቀኝ መቀመጥ አልችልም። ገለጉ መምህር ይፈልጋሉ ሲባል በጭነት መኪና ጫፍ ተንጠልጥዬ ሄድሁ፤ መኪናው ጭቃ ውጦት ግማሹን በእግሬ ጨረስሁት፤ ስደርስ ቦታው ተይዟል። ፎቶ ኮፒ ቤት ሠራሁ። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ኒም ሥር ፊዚክስ አስጠናሁ። በመሐል ደግሞ ሰው ሁሉ «ኮከብ ተምራ የመጣች» እያለ ይመጣብኛል። አንዲት እናት የልጃቸው ኮከብ ከእጮኛው ጋር ይግጠም አይግጠም እንድነግራቸው ዶሮ ይዘው መጡ። የእኔ ትምህርት ሌላ ነው ብዬ ብምል ብገዘት ኩራት መሰላቸው፤ ዶሮዋን ይዘው ወጡ። ይርጋን ደግሞ ታስታውሰዋለህ፤ ያ በየዓመቱ ከጎጃም የሚወርደው፣ አንተን «አያ ደመቀ» እያለ ትንባሆ የሚለምንህ። ዘንድሮ አወጣልኝ ስም፤ የሰማይ ኢንቨስተር። እዚያ ላይ ስንት ሄክታር ወሰድሽ፣ አረሙ እንዴት ነው፣ መቼ ነው ለአጨዳ የምትጠሪን ይለኛል። ሳሉጎቹ በሙሉ ተቀበሉት። አሁን እንጀራ ሲያቀብሉኝ እንኳ «ለኢንቨስተሯ» ነው።

ይህ ሁሉ የሚያያዘው ከዚያች ቧንቧ ጋር ነው አባዬ። ለምረቃዬ ጎንደር መጥተህ የተረከብሃት፣ ቴሌስኮፕ የሠራንባት ቧንቧ። መስታወቱን መምህራችን ሰጡን፤ ቱቦውን እኛ ተመራቂዎቹ ከወፍራም የውሃ ቧንቧ ቆርጠን ሠራነው። ጓደኞቼ ወደየከተማው ሲበተኑ፣ ጨለማ ያለው አንቺ አገር ነው ብለው ለእኔ ተዉልኝ። አንተ እንደ ሕፃን በጋቢህ ጠቅልለህ አውቶቡስ ውስጥ ጭንህ ላይ አስተኛሃት። ኬላ ላይ ጋቢው ሲገለጥ ፈታሹ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያለውን መቼም አልረሳውም፤ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ቧንቧ ሰው ሲያይ የሚያስበው ሌላ ነገር ነው። አንተ ግን ምንም ሳትደነግጥ የውሃ ቧንቧ መሆኑን፣ ውሃው ግን ትንሽ ሩቅ መሆኑን ነገርኸው። ከዚያ አውርደህ አስተከልኸኝ፤ ፈታሹም ኮረብታው ላይ ፍየሎች እግራቸው ወደ ላይ ተዘቅዝቀው ሲግጡ አይቶ ሳቀና ጓደኞቹን ጠራ። አውቶቡሱ በሙሉ ወርዶ ፍየል አየ። ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ አንተ ገና ለአንዲት አሮጊት ወንበር ታመቻች ነበር።

ከምረቃው ቀጥሎ በመጣው ኅዳር፣ እርሻው ላይ፣ ሰሊጡ ተራግፎ ጆንያው ተሰፍቶ መኪና ስንጠብቅ፣ ምን እንደተማርሁ ጠየቅኸኝ። እንዲሁ ለወግ አልነበረም የጠየቅኸኝ። ጆንያ ጎትተህ ተቀመጥህና እንደ ዳኛ ጠየቅኸኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ አንዲት ደብዛዛ ጋላክሲ መሆኑን ነገርሁህ። ጋላክሲ የከዋክብት አገር ናት፤ እኛ ያለንባት ፍኖተ ሐሊብ አንዷ ናት፤ ያቺኛዋ ደግሞ ሌላ፣ መቶ ቢሊዮን ያህል ከዋክብት የሚዞሩባት። ስሟን ጠየቅኸኝ። ስም የላትም፣ የመዝገብ ቁጥር ብቻ ነው ያላት ስልህ አዘንህ። ሰው ይህን ያህል ደክሞባት ስም ይነፍጋታል ብለህ ተቆጣህና ከዚያ ቀን ጀምሮ «ያቺ ልጅሽ» ሆነች። ጠዋት ጠዋት ያቺ ልጅሽ እንዴት አደረች ትለኝ ነበር።

ቅርጿን ጠየቅኸኝ። ሰፌድ ናት አልሁህ፤ ዝርግ ሆና የምትዞር። አንዳንዶቹ ጋላክሲዎች ከጎን ነው የሚታዩን፣ ሰፌድ በጠርዙ እንደቆመ፤ እሷ ግን መሬት ላይ እንደተቀመጠ ሰፌድ ፊቷን ሰጥታናለች፣ ከላይ ወደ ታች እንደማየት ነው። መሐሏ ላይ ያረጁ ከዋክብት ተጠጋግተዋል፣ ወደ ቢጫ ያደላሉ። ከመሐሉ ሁለት ክንዶች ተነሥተው እየተጠመዘዙ ይወጣሉ። አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱት እነዚያ ክንዶች ላይ ነው፣ ሰማያዊ ሆነው።

ታዲያ ፊቷን ከሰጠችን ለምን ደበዘዘችብን? አልኸኝ። እዚህ ላይ ነው ለመምህሮቼ ማስረዳት ያስቸገረኝን ነገር ለአንተ በቀላሉ ያስረዳሁህ። ያው አንድ ቁና ሰሊጥ ነው አባዬ፤ አንድ ቦታ ብታፈሰው ነጭ ሆኖ ከሩቅ ይታያል፣ ሰፊ ማሳ ላይ ብትበትነው ግን ዘር የተዘራ አይመስልም። የእሷም ብርሃን ብዙ ነው፣ ግን በሰፊው ተበትኗል፤ በየቦታው ሲደርስ ስስ ነው። ራስህን ነቀነቅህ። አራርቆ የተዘራ ሰሊጥ እኮ ነው ቅርንጫፉን የሚዘረጋው፣ ክንድ ማውጣቷ አይገርምም አልኸኝ። ያን ዓይነት መልስ ፈተና ላይ ቢሆን ስንት እንደምሰጥህ እንጃ፤ ያን ቀን ግን ሙሉ ሰጠሁህ።

ርቀቷንም ነገርሁህ። ብርሃኗ እኛ ጋ እስኪደርስ ወደ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ይጓዛል። ተነሥቶ መንገድ ሲጀምር ሰው የሚባል ፍጡር ገና አልነበረም። አሁን መኖሯን በምን ታውቂያለሽ? አልኸኝ። ለሰው ነው እንጂ ለእሷ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት እንደ አንድ ክረምት ነው፣ አለች አልሁህ። ከእኛ እየራቀች መሆኗንም ጨመርሁ፤ ብርሃኗ ተዘርግቶ ወደ ቀይ ማዘንበሉ ያንን ይነግረናል። በጣም አሰብህና «ምን አስቀየምናት?» አልኸኝ። ማንም አላስቀየማት አባዬ፣ ሩቅ ሩቅ ያሉት ጋላክሲዎች ሁሉ ከእኛ እየራቁ ነው፣ መሐል ያለው ባዶ ቦታ ራሱ እየሰፋ ነው ብልህም ልብህ አላረፈም። ለማንኛውም ልያት አልህ።

ጨረቃ አልነበረችም። ምሽት ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ፋኖሱን አጠፋን። ሐመል ከሚባለው የከዋክብት ምድብ ደማቁን ኮከብ ያዝሁ፣ ከእሱ ወደ ሑት ወረድሁ፣ ሑት ውስጥ ካለችው መካከለኛ ኮከብ ጎን ፈልጌ ፈልጌ አገኘኋት። በእኛ ቧንቧ የምትታየው እንደ ጭስ ጠብታ ነው፤ ከዚያ በላይ አትታይም። ና ቶሎ በል አልሁህ። አንተ ደግሞ መጀመሪያ እጅህን ታጠብህ። ቆብህን አወለቅህ፣ አማተብህ፣ ጎንበስ አልህ፣ ወገብህን ይዘህ ቆየህ። ከዚያ አየህ። ረጅም ጊዜ አየህ። ክንዶቿን አየኋቸው አልኸኝ፤ ሁለት ናቸው፣ አንደኛው ረዘም ይላል፣ መሐሏም ቢጫ ነው፣ ዳሯ ሰማያዊ፤ ተባርከሻል ልጄ።

ከአንተ ቀጥዬ ዓይኔን አስጠጋሁ። ምንም የለም። ምድር ስትዞር ሰማዩ ከመነጽሩ ውስጥ እየተንሸራተተ ይወጣል፤ አንተ እጅህን ስትታጠብና ስታማትብ እሷ አልፋ ሄዳለች። ባዶ ጨለማ ነው ስታይ የቆየህ። ብትኖርም እንኳ በዚያች ቧንቧ ክንድም ቀለምም አይታይም። የነገርኸኝ ሁሉ ቀን በስልኬ ያሳየሁህን ፎቶ ነው።

ሳቄን ዋጥሁት። አንተም ኮኪት ወርደህ ለሰው ሁሉ አወራህ። የልጄን አገር አየሁት አልህ። ክንዱ እንዲህ፣ ቀለሙ እንዲህ፤ በእጅህ እያሳየህ። እማዬም ሰማች።

በቀጣዩ ነሐሴ ሄድህ። ቧንቧዋም በጋቢህ እንደተጠቀለለች ጓዳ ገባች። እማዬ አትውጣ አላለችም፤ ጋቢህን መፍታት ነው ያቃታት። እኔም አልገፋሁም።

እና ዘንድሮ ኅዳር፣ ሰሊጡ ተራገፈ። ሂላው፣ ታጭዶ እንዲደርቅ የተከመረው ሁሉ፣ ተራግፎ አለቀ፤ ጆንያው ተሰፋ፤ ጠፍ ዝናብም ሳይነካው ቀረ። መኪናው ነዳጅ አጥቶ ሦስት ቀን ስለዘገየ እኛም ሳሉጎቹም እርሻው ላይ ቁጭ አልን። እኔ በልቤ አሁን እጠይቃታለሁ፣ አሁን እጠይቃታለሁ እላለሁ። ይርጋ ግን ቀደመኝ። ከመሄዳችን በፊት የኢንቨስተሯን መሬት እንጎብኝ እንጂ እቴ አበባ፣ አያ ደመቀ አየሁት ብሎ ሲያቃጥለን ነው የሄደው አላት እማዬን። እማዬ ሰው ልካ ከቤቱ ጓዳ አስመጣችና፣ ጋቢህን ራሷ ፈታችው። ቀስ ብላ አጣጠፈችውና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

በመጀመሪያው ምሽት ሳሉጎቹ በየተራ አዩ። ይርጋ አይቶ፣ ማሳሽ ጦም አዳሪ ነው ብሎ ሁሉንም አሳቀ። እማዬ መጨረሻ ላይ ተነሥታ አየችና፣ ጨለማና የራሴ ሽፋሽፍት ነው ያለው አለች። በማግስቱም አየች። አሁንም ምንም። ታውቃታለህ፤ ያላየችውን አየሁ አትልም። ቤተ ክርስቲያን ጸበል የሚፈላበት ቦታ ሰው ሁሉ ተአምር አየን ሲል እሷ «ለእኔ አልታየኝም» ብላ የመጣች ሴት ናት። ግን እያንዳንዱን ጊዜ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ትከሻዋ ዝቅ ይል ነበር። እኔ የመሰለኝ ነገሩ ሰልችቷት ነው። ጉዳዬ አለቀለት ብዬ ደነገጥሁ።

በሦስተኛው ምሽት ቧንቧዋን በእጄ ይዤ፣ ሰማዩ ሲንሸራተት አብሬ እየገፋሁ፣ እሷን አጠገቤ አቆምኋት። እማዬ ፊት ለፊት አትዪ አልኋት፤ ደብዛዛ ነገር ፊት ለፊት ሲያዩት ይጠፋል፣ በጨለማ የዓይናችን ዳር ነው ከመሐሉ ይልቅ የሚያየው፣ ትንሽ ወደ ጎን እዪ። ብዙ ቆየች። ትንፋሿን እሰማለሁ። ከዚያ «አለች፣ አለች የሆነች ነገር» አለችኝ፤ ሰሊጥ አበጥረው ወንፊቱን ሲያነሡት ሥሩ የሚቀረውን ብናኝ የመሰለች። በትክክል እሷ ናት አባዬ። ከዚያ የተሻለ አድርጎ የገለጻት ሰው አላጋጠመኝም።

ግን አልተደሰተችም። ቀና ብላ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ በልቧ ስታብላላው የከረመችውን። አባትሽ ክንዷን አይቷል፣ ቀለሟን አይቷል፤ እኔ ለምን ብናኝ ብቻ? ዓይኔ ነው? ወይስ ለእኔ ያልተሰጠኝ ነገር አለ?

ምን ልበላት? ስለ ሞተ ሰው እንዲህ ይነገራል? አንተን ማሳጣት ፈራሁ፤ ያውም በሳሉጎቹ ፊት። ግን እሷ ለሦስት ምሽት እውነቱን ብቻ ስትነግረኝ ኖራ፣ እኔ እንዴት እዋሻታለሁ? ወደ ጎን ሳብ አድርጌ ነገርኋት። አባዬ ምንም አላየም እማዬ። እጁን ሲታጠብ አመለጠችው። ባዶውን አይቶ ነው ያን ሁሉ ያለው፣ እኔን ደስ እንዲለኝ።

በጨለማ ፊቷ አይታየኝም። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ስትስቅ ነው ለካ። አባዬ፣ ከቀብርህ ወዲህ እንዲያ ስቃ አታውቅም። ጋቢህን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ይርጋ ምን ሆኑ ብሎ እስኪመጣ ድረስ። ሙሽራ ሳለች ወጥ ስታሳርርብህ፣ አፍህ ሞልቶ እየበላህ ዛሬ ምን ቅመም ጨመርሽበት ትላት እንደነበር ነገረችኝ። ወር ሙሉ እውነት መስሏት ለጎረቤት ሙያዋን ስታስተምር ከርማለች አሉ።

ከዚያ ሳቋ ቀስ ብሎ በረደ። ባርኔጣህን አወለቀች። ያለችውን ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ፤

«እሱ ሳያይ አመነሽ። እኔ አይቼ ልከልክልሽ?»

እዚያው ሰሊጥ በተራገፈበት መሬት ላይ ተንበረከክሁ፤ መረቀችኝ፣ እንትፍ እንትፍ አለችብኝ፣ በአንተም ስም ደግማ መረቀችኝ። ሳሉጎቹ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አሜን አሉ። ይርጋ የአሜኑ መጨረሻ ላይ፣ እንግዲህ ኢንቨስትመንቱ ተፈቀደ ማለት ነው አለ።

መኪናው በማግስቱ መጣ። ሰሊጡ ገባ። እማዬ የሰጠችኝ ፈቃድ ባዶ ቃል እንዳይመስልህ፤ በዚያው ሳምንት ሁሉንም አስተካከለችው። ሀጃ መርየም ከጓሮ ወደ ዋናው ቤት ይገባሉ፣ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ። ይርጋ ዘንድሮ ወደ ጎጃም ለገና ብቻ ደርሶ ይመለስና ለዘሩ ቀድሞ ይወርዳል። እኔን ደግሞ ከታኅሣሥ መጨረሻ በፊት አብርሃ ጅራ ያለችውን አክስቴን ተሰናብቼ እንድመጣ አዘዘችኝ፤ ቅር እንዳይላት።

አንድ ነገር ብቻ ከለከለችኝ። ቧንቧዋን። እዚያ ትልቁ አለልሽ አይደል፣ ይህችኛዋ ትቀመጥልኝ አለች። የዚያችን ልጅሽን ክንድ ሳላይ አልተውም አለች። በዚህች መስታወት መቼም አይታይም ብላትም፣ ከሐመል ተነሥቶ ወደ ሑት የሚወረድበትን መንገድ በየምሽቱ እያስጠናችኝ፣ ይቅርታ፣ እያስጠናኋት ነው። ትላንት ብቻዋን አገኘቻት። አገኘኋት ብላ አልጮኸችም፤ ቦታ ለቀቀችልኝና እኔ አይቼ አረጋገጥሁ። ሀጃ መርየምም አዩ፤ እሳቸው የገለባ ብጣሽ ናት ነው ያሉት።

አባዬ፣ እንደ ሩቅ ኮከብ ብርሃንህ ዛሬም ይደርሰናል አልልህም። ብልህ ትስቅብኝ ነበር፤ ሬድዮ ላይ ሰማሽው ወይ ትለኝ ነበር። ቃል የምገባልህ ትንሽ ነገር ነው። እዚያ ተራራ ላይ ያችን «ልጅሽ» ያልሃትን በትልቁ መስታወት ሳያት፣ ክንዶቿ በእውነት ሲታዩ፣ ሁለት መሆናቸውን አረጋግጬ ቀድመህ የነገርኸኝ አንተ መሆንህን እመዘግባለሁ። የሚያስተምሩኝ ሰዎች ቢስቁም እነግራቸዋለሁ። ልጅም ቢኖረኝ፣ ተማሪም ቢኖረኝ፣ ስለ አንድ ሰሊጥ አራሽ፣ እጁን ታጥቦና አማትቦ ባዶ ሰማይ ውስጥ የልጁን ድካም ስላየ ሰው እነግራለሁ። አልረሳህም። እረሳሃለሁ ብዬ ፈርቼም አላውቅ።

እናንተም፣ ለአባቴ የጻፍሁትን ይህን ደብዳቤ ስታነቡ ያመሻችሁ፤ በኅዳርም ሆነ በታኅሣሥ በኮኪት መንገድ ካለፋችሁ፣ ጨረቃ ከሌለች፣ የእቴ አበባን እርሻ ጠይቁ፤ ባርኔጣ ያደረጉ ሴት ናቸው። ቧንቧዋን ያስተክሉላችኋል፣ ወደ ጎን እዩ ይሏችኋል። ከዚያ ምን እንዳያችሁ፣ ወይም ምንም እንዳላያችሁ፣ ጻፉልኝ፤ እኔ ከሩቅ ሆኜ የእናቴን ሰማይ የምሰማው ከእናንተ ነው። የሄደባችሁም ሰው ካለ፣ ሳያይ ምን እንዳመነላችሁ አብራችሁ ንገሩኝ።

ልጅህ ትርንጎ